አባ አትርገጡና የስታዲየሙ ሣር

ወንድሜ የስታዲየሙን ሣር ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቋል። ተጫዋቾቹ «አባ አትርገጡ» ይሉት ነበር፤ ከአፉ የማትለይ ቃል እሷ ስለነበረች። ሰውነቱን ሊያሟሙቅ የገባ ተቀያሪም ሆነ ፎቶ የሚያነሳ ጋዜጠኛ ወይም አቋራጭ የፈለገ ኃላፊ፣ ለሁሉም መልሱ ያው ነው፤ «አትርገጡ!» አንድ ቀን ረጅሙ ተከላካያችን፣ «አባ፣ ታዲያ ኳስ የምንጫወተው በክንፍ ነው?» ቢለው፣ «አንተማ በእግርህም ተጫውተህ አታውቅም» ብሎ መለሰለት። ልጁ ከሳቁ ብዛት ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ በማለቱም ሌላ ቁጣ ቀመሰ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ከትሪቡኑ ሥር ባለችው ክፍል የቡድኑን ማሊያ አጥባለሁ። ባሌ የሞተ ዓመት እጄን ይዞ እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው። የሜዳውን ጤና ከልብስ አውቀው ነበር። የቁምጣው ጎንና የካልሲው አንገት አረንጓዴ ከሆነ ሣሩ ደህና ነው። ጭቃ ብቻ ከሆነ አንድ ቦታ ሳስቷል ማለት ነው። «ጋሼ፣ የግራ ተመላላሹ ልብስ አፈር ብቻ ነው» ስለው፣ ቃሌን ሳልጨርስ ዘርና ባልዲ ይዞ ወደ ግራው መስመር ይወጣ ነበር።

ያስተማረው ሰው አልነበረም። ከኪሱ የማትጠፋ አንዲት አሮጌ ካቻቢቴ ነበረችው። ጠዋት ጠዋት በየአሥር እርምጃው መሬቱ ላይ ይሰካታል። ሳትገፋ ከገባች አፈሩ ጠግቧል፤ ከታገለች ጠምቶታል። ስትወጣ ጫፏን ያሸታል። አንድ ጊዜ ስለ አፈር የተማሩ ሰዎች መጥተው ሲያዩት ተሳሳቁ። በኋላ በመሣሪያቸው ለኩና ቁጥሩን ሲያነቡ ከእሱ ቃል ጋር አንድ ሆነባቸው።

ከዚያ ዘመን መጣ። ሊጉ በየስታዲየሙ መርማሪ እንደሚልክ ደብዳቤ ጻፈ። ፈተናውን ያለፈ ሜዳ በሣሩ ይቀጥላል፤ የወደቀ ግን ሣሩ ተነሥቶ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበታል። ደብዳቤው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ወንድሜ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «እንግዲህ ልጄን ለፈተና ማስቀመጤ ነው» አለኝ።

የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ከወንድሜ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው። ቀኑ ሲቃረብ ጠራውና፣ «ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ የለም» አለው። «የሚለኩት የኳሷን ንጥረት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ኳስ እንደማትነጥር ላንተ አልነግርህም። ቱቦውን እንዳትነካ።»

«ገብቶኛል።»

«እንዳትነካ ነው ያልኩህ።»

«ገብቶኛል ጌታዬ፣ ምን ነካዎት ዛሬ?»

የዚያ ሳምንት ፀሐይ ግን ሌላ ነበረች፤ ደረቅ ነፋስም ነበር። ሣር ሲጠማው ቀለሙ ወደ አመድማ ያደላል፤ የረገጡበት ዱካም ቶሎ ቀና አይልም። ሐሙስ ቀትር ላይ ወንድሜ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ዞር ብሎ የራሱን ዱካ አየ። ከመሃል ሜዳ እስከ ግቡ ድረስ እንደተኛ ቀርቷል። ያን ዕለት ምሳውን አልጨረሰም።

ዓርብ ማለዳ፣ በምርመራው ዕለት፣ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ቱቦውን ከፈተ። ይህን የነገረን በኋላ ነው። «ትንሽ ብቻ ላርሰው ብዬ ነበር» አለ። «እንግዳ በር ላይ ቆሞ ልጅህን ፊቷን ሳታጥብ ታቀርባለህ?» ከግቡ ፊት ያለውን አጠጣ። ያ ቦታ ሲፈካ ጎኑ ያለው ባሰበት። እሱን አጠጣ። ያንደኛው ወገን ሲያበራ ሌላኛው ወገን የእንጀራ ልጅ መሰለው። በዚህ ዓይነት ሜዳው በሙሉ ጠጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ሣሩን በዓይኑ ነበር የሚፈርደው፤ ኳስ ፈራጅ ትሆናለች ብሎ በጆሮው ሰምቷል እንጂ ልቡ አልተቀበለውም።

መርማሪው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሦስት እግር ያለው ዘንግ ተከለ። ከሁለት ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ ቢያንስ ስልሳ ሳንቲ ሜትር መንጠር አለባት። እኔ አጥሩ ላይ ማሊያ እያሰጣሁ አያለሁ። የመጀመሪያዋ ኳስ ወርዳ ድፍት አለች፤ ከረጢት የወደቀ ነው የመሰለኝ። አርባ ስድስት። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሃምሳ። ሦስተኛው ላይ አርባ ሰባት። ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር፤ ካቻቢቴዋን እንደጨበጣት አውቃለሁ።

መርማሪው መነጽሩን አወለቀ። «ሜዳው ውሃ ጠጥቷል?» ሲል ጠየቀ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንድሜ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አምኖት ነበር፤ የከፋው እሱ ነው።

«ጤዛ ነው» አለ ወንድሜ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሣሩን በመዳፉ ዳሰሰ። «ዛሬ ጠዋት ውሃ አልተለቀቀበትም? ውሃ ከሆነ ሰኞ ተመልሼ እለካዋለሁ፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ጤዛ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአፈሩ ነው ማለት ነው።»

«ጤዛ ነው አልኩዎት እኮ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። መርማሪው የቀሩትን ቦታዎች ለካና ጻፈ፦ አፈሩ ውሃ ይይዛል፣ አያሳልፍም፣ ለጨዋታ ብቁ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ «አይዞህ፣ መሬቱ ከድቶህ ነው፤ አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» አለው። ያች ማጽናኛ ከስድብ ይልቅ እንደቆረጠችው ያወቅኩት ማታ ቤቱ ስሄድ ነው።

ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። እኔና እሷ ባለንበት ነገሩን ሁሉ አወጣው። ስትሰማው የያዘችውን አንሶላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«በል ነገ ጠዋት ሂድና ተናገር።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያመነኝን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ሣሩንስ በምን ዓይንህ ልታየው ነው?»

ካቻቢቴዋን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክራት ጀመር። እሷም አላስጨነቀችውም፤ አንሶላውን መልሳ ማጠፍ ጀመረች።

ቅዳሜ ቢሮው በር ድረስ ሄደ። ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ ተመለሰ። ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ከከተማ ወጥቷል ተባለ። ማክሰኞ እሱ ራሱ አመመኝ ብሎ ቀረ። ዛሬ ነገ ሲል ሐሙስ የሊጉ ውሳኔ መጣ። እኔም ልናገር እችል ነበር። ወንድሜን ያዋረድኩት እንዳይመስልብኝ ብዬ በየቀኑ፣ «ጌታዬ፣ አንተ አፉን ክፈትለት» እያልኩ እጸልይ ነበር። እግዚአብሔር የእኔንም አፍ ሰጥቶኝ እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ሣሩን የሚገፍፈው ማሽን የመጣ ቀን ወንድሜ ቤት ይቀራል ብለን ነበር። መጣ። ለአሽከርካሪው የውሃው ቧንቧ የት የት እንደተቀበረ በእጁ እያመላከተ ፊት ፊት ሄደ፤ ቧንቧው እንዳይሰበር። ሣሩ እንደ አሮጌ ምንጣፍ እየተገፈፈ ክምር ሆነ። ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁርና ልቅ ነበር፤ በእጁ ዘግኖ ጨበጠው፣ ከዚያ ጣቶቹን ሲከፍት ፍርፍር ብሎ ወረደ። አሽከርካሪው፣ «እንዲህ ያለ አፈር ያለው ሰው ለምን ፕላስቲክ ያነጥፋል?» አለ። ሰውየው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ የተናገረው ነው። ወንድሜ ፊቱን አዙሮ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ እስኪጨርሱም አልወጣም።

ሰው ሠራሹ ሣር በአሥራ አንድ ቀን ተነጠፈ። እውነቱን ለመናገር መልካም ነገርም ይዞ መጥቷል። ሣሩ እያለ ሜዳው ላይ በሳምንት ከሁለት ጨዋታ በላይ አይፈቀድም ነበር። አሁን የሴቶቹ ቡድንና የትምህርት ቤት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ይጫወታሉ፤ ዝናብም አያስቆማቸውም። ለዚህ አመሰግናለሁ። ቀትር ላይ ግን ከመሬቱ የሚነሣው ሙቀት ጫማ አልፎ እግር ያቃጥላል። በረኛችን ክርኑ ተልጦ ተልጦ በፋሻ ነው የሚውለው። እኔም በፕላስቲኩ መሃል የሚበተነውን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ከካልሲዎቹ ውስጥ አራግፋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ልብስ አረንጓዴ ሆኖ አልመጣልኝም።

ወንድሜን አላባረሩትም። ብሩሽ ሰጡት፤ የፕላስቲኩን ጭራዎች ቀና ቀና እያደረገ ያበጥራል፣ ፍርፋሪውን ያስተካክላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲገባ «አት...» ይልና ቃሉን ይውጠዋል። ተጫዋቾቹ ይህን ሲያዩ መሳቅ ተዉ። ረጅሙ ተከላካይ አንድ ቀን መስመሩ ላይ ቆሞ፣ «አባ፣ ልርገጥ?» ብሎ ጠየቀው። ሊያጫውተው ብሎ ነው። ወንድሜ፣ «ርገጥ ልጄ፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው» አለው። ልጁ ግን ያን ዕለት ሊረግጠው አልደፈረም፤ በመስመሩ ዙሪያ ዞሮ ገባ።

በዓመቱ ያው መርማሪ ፕላስቲኩን ሊለካ መጣ። ዘንጉን ተከለ፣ ኳሷን ለቀቀ። ሰባ ሁለት። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት። የትም ቦታ ብትለቀቅ ያው ናት። ሰውየው ጽፎ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ ወንድሜ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ እሱ ሄደ። እኔም የያዝኩትን ቅርጫት እንኳ ሳላስቀምጥ ተከተልኩት።

«አምና» አለው፤ «ጤዛ ነው ብዬዎት ነበር። ጤዛ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠጣሁት።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት አወቁ?»

«ጤዛ ከጣሪያ ሥር አይወርድም አባቴ። ከትሪቡኑ ጣሪያ ሥር ያለው ሣርም እንደ ሌላው እርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«እኔ የምጽፈው የለካሁትንና የሜዳው ጠባቂ የነገረኝን ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩዎት። ሁለተኛ ጊዜ የጠየቅኩት ሰኞ ልመለስልዎት ብዬ ነበር።» ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። እሱም የከበደው ይመስላል።

ወንድሜ ቆቡን አወለቀ። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ፕላስቲኩ አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሣሩ እንደማይመለስ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። አፈሩ ውሃ አያሳልፍም ብለው ጽፈዋል። አፈሩ ምንም አልበደለም። ስሙን ይመልሱለት።»

እንዲህ ያለ ልመና ያ ሰው በሥራ ዘመኑ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሊስቅበት ይችል ነበር፤ አልሳቀም። መርማሪው የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አንድ ወረቀት አወጣ። በምርመራው ዕለት ጠዋት ሜዳው ውሃ እንደተለቀቀበት፣ ውጤቱም የአፈሩን ጠባይ እንደማያሳይ ጽፎ ፈረመበት። «የማን እጅ አጠጣው ልበል?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ነገረው።

ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ቢሮ ወጣ፤ እኔም ከኋላው። ይህን ጊዜ በሩ ላይ አልቆመም። ሥራ አስኪያጁ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ፤ «አንዲት ጠዋት መታገሥ አቃተህ?»

«አቃተኝ።»

«ያን ዕለት ብትነግረኝ እኮ እቆጣህና ሰኞን እንጠብቅ ነበር።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«አሁን በዚህ ወረቀት ምን እንዳደርግ ትፈልጋለህ?»

«ምንም። ከዚያኛው ጋር ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥልኝ። ነገ ያንን የሚያነብ ይህንንም ያንብብ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ቁምሳጥኑን ከፈተ፤ አቧራ የለበሰውን ፋይል አውጥቶ ወረቀቱን ከላይ አደረገውና ዘጋው። እጁን ግን አልዘረጋለትም፤ ወንድሜም አልጠበቀም።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዱን ያዝኩት። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ጸሎቴ ተሰማ ልበል? ዘግይቶ ቢሆንም ተሰማ እላለሁ።

ታች የሴቶቹ ቡድን ልጆች ጫማቸውን አስረው መስመሩ ዳር ቆመው ነበር፤ ከግቡ ፊት የተከመረው ፍርፋሪ እስኪስተካከል እየጠበቁ። ወንድሜ ብሩሹን አነሣና ወደዚያ ሄደ።