አራት መቶ ጥያቄ፣ አንድ ፍርድ

ፒዮ ናንሂ ሥራዋን ስትናገር ሰው ይስቅባት ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ አንዳንዱ ጥያቄ ግን ዓመት ሙሉ መላሽ ያጣል። ለምን? ይህን የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ማ የሚባሉ፣ በኮሪያ የዴጆን ከተማ ምሁር ናቸው። ናንሂ ጥያቄዎቹን እያነበበች «ግልጽ ያልሆነ»፣ «ከባድ»፣ «የተናቀ» ብላ ትለይላቸዋለች። ሥራው ከቀረ ትንሽ ልጇን ሞክፖ ከተማ ያለችው እናቷ ዘንድ መላክ ግድ ነው።

ለእሷ የተሰጣትን አራት መቶ ጥያቄ ቡሳን ከተማ ያለ ኦክ ቢዮንግጁ የሚባል ወጣትም ለብቻው ይለያል። ደንቡ ነው፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ይፈርዳል፣ ከዚያ ይመሳከራል። ከመቶ ሰማንያው ከገጠመ እሰየው ነው።

የነሱ አራት መቶውም ገጠመ።

«ተኮራርጃችኋል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ልጄን ይንሳኝ! መልኩን እንኳ አላውቀውም» አለች ናንሂ።

«አሥራ አንዱ እኮ ስህተት ነው። ስህተትሽን ሳይቀር ከየት አመጣው?»

ናንሂ አሥራ አንዱን የለየችው ልጇን ያተኮሳት ዕለት፣ ልቧ ከሥራው ሳይሆን ነበር።

«ይጥሩትና ፊትዎ ይፈትኑን» አለች።

ቢዮንግጁ በማግስቱ በባቡር መጣ፤ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ።

«እህት ዓለም፣ እንዲህ የተስማማነው ልንጋባ ነው እንዴ?»

«ባልና ሚስት ደግሞ መቼ ይስማማል!»

ስምንት ወር ሥራ ፈልጎ ያገኘው ይህን ብቻ እንደሆነ አጫወታት። ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ስልካቸው መሳቢያ ገብቶ፣ ሃያ አዲስ ጥያቄ በእርሳስ ለዩ። የሁለት እርሳስ ድምፅ አይመስልም፤ አንድ ላይ ይጀምራል፣ አንድ ላይ ያቆማል። አሥራ አራተኛው ላይ ናንሂ «ከባድ» ብላ ጻፈች፣ ሰረዘችው፣ «የተናቀ» አለች።

ፕሮፌሰሩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው አስተያዩ። አሥራ አራተኛው ሁለቱም ላይ ተሰርዟል።

«ኩረጃ የለም» አሉ። «እኔ ግን የምፈልገው ሁለት ሰው ነው፤ እናንተ አንድ ናችሁ። ማን ሥራው ላይ ይቆይ? ጻፉልኝ።»

ናንሂ ልጇን አሰበችና እያፈረች የራሷን ስም ጻፈች።

ሁለቱም ወረቀት ላይ «ፒዮ ናንሂ» ይላል።

የቢዮንግጁ ፊት አመድ መሰለ። «የራሴን ልጽፍ ነበርኮ» አለ እጁን እያየ። «ልጅቷ… ስንት ዓመቷ ነው እህቴ?»

«ሦስት» አለች ናንሂ። ልጅ እንዳላት ነግራው አታውቅም።

እሱ ወደ ቡሳን ተመለሰ። ናንሂና በእሱ ቦታ የተቀጠረችው ሴት ከመቶ ሰባ ስምንቱ ገጠማቸው፤ በቀረው ሲጨቃጨቁ ናንሂ ደስ ይላታል።