የማወፈሪያ ክኒን ያጠፋው እብጠት

በመጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። ጅዳ ውስጥ በአንድ የሕክምና ምርምር ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ የተጻፈው ሙያ የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ እውነትም ብልቃጥ አጥብ ነበር። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ የሚጥሏቸውን መጻሕፍት እየለቀምኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ እንግሊዝኛውንም ሳይንሱንም ያለ አስተማሪ ተማርኩ። ሙከራ የተበላሸበት ተማሪ ከአለቃው በፊት እኔን ይጠይቅ ነበር። ለጉራ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የምወደው በነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚሠራውን ሙከራ ነበር። ሴሎቹ ሳህን ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከጀርም አካል የተወሰደ ጠብታ ሲነካቸው ይነቁና «ጠላት ገብቷል» የሚል የኬሚካል መልእክት ይለዋወጣሉ። መልእክቱ እስከ ሴሉ እምብርት ይዘልቅና ተዘግቶ የቆየ ትእዛዝ ይከፍታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሴሉ ያልነበረውን ኢንዛይም ያመርታል። አንዱ ኢንዛይም ሕመም፣ ትኩሳትና እብጠት የሚያመጣውን ነገር ይሠራል፤ ሌላው ጀርም የሚገድለውን። መልእክት ከሌለ ግን ኢንዛይሙም የለም። በአንዳንዱ ሳህን ላይ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ይጨመራል፤ ያን ጊዜ ትእዛዙ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ሴሎቹም ጀርሙ አጠገባቸው እያለ ዝም ይላሉ። ያንን ሳህን ስንት ጊዜ በእጄ አጥቤዋለሁ!

በ2006 ዓ.ም. ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይታፈስ ጀመር። መካ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት የወሎ ልጅ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ ስትወጣ የአጥሩ ቆርቆሮ እግሯን ቆረጣት። ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር መጥታ እኔ ከምኖርበት ክፍል ሥር ካሉት ሴቶች ጋር ተጠጋች። ኢቃማዋ በከፊሏ፣ በአሠሪዋ፣ እጅ ነበር። ሐኪም ቤት ከሄደች ትያዛለች ብለው ሴቶቹ እኔን ጠሩኝ። እግሯ ቀልቶ፣ አብጦ ያቃጥላል።

«አባባ፣ እግሬን ይቆርጡታል?» አለችኝ።

«ማን አባቱ ይቆርጠዋል! ይህ እብጠት የራስሽ ወታደሮች ሥራ ነው» አልኳትና ቁስሉን አጥቤ አሰርኩላት።

በሦስተኛው ቀን ስወርድ እብጠቱ የለም። ትኩሳቱም ጠፍቷል።

«ወላሂ አባባ፣ እጅዎ መድኃኒት ነው!» አለች ከሴቶቹ ትልቋ።

«ሐኪም ቢሆን እስካሁን ወረቀት እየጻፈ ነበር» አልኩ። ድናለች ብዬ በኒ ማሊክ ሰፈር ድረስ ሄጄ ለማውቀው ሁሉ አወራሁ።

በማግስቱ ልጅቷ መቆም አቃታት። የቁስሉ ጠርዝ ግራጫ ሆኗል፣ ይሸታል። ልቧ ይሮጣል፤ ትኩሳት ግን የለም። ያ ዝም ያለው ሳህን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ምን ወስደሻል?»

«ምንም አልወሰደችም» አለች ትልቋ፤ «እኛ ሁላችን ከምንወስደው በቀር።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የማወፈሪያው ነዋ! ኻላስ፣ አበቃ፤ ሁላችንም ልንባረር አይደል? ከስታ መጣች እንዳይሉን ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እናቴ ጉንጬን አይታ ተቸግራ ነበር እንዳትል ብዬ ነው፣ አባባ። ስታመም ስለከሳሁ በቀን አራት አደረግሁት።»

የክኒኑን ማሸጊያ ተቀብዬ አነበብኩት። ስቴሮይድ ነው። እብጠቱን ያጠፋው የኔ እጅ አልነበረም፤ ወታደሮቿ አፋቸው ተለጉሞ ጀርሙ ውስጥ ውስጡን ሲበላት እኔ ደረቴን እነፋ ነበር። አፈርኩ።

የማውቀው አንድ ሐበሻ ሐኪም ነበር፤ ደወልኩለት። «አሁኑኑ አምጧት» አለኝ።

«ከተያዝኩስ?» አለች ልጅቷ።

«ከተያዝሽ አገርሽ ትገቢያለሽ። ካልሄድሽ ግን እናትሽ የምታየው ጉንጭ አይኖርም።»

ይህን ስላት ተነሣች። ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሰላት እንዳበቃ፣ ክንዷን ይዤ፣ ኢቃማዬን በእጄ እንደያዝኩ ወጣን። ማዕዘኑ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ጨርቁን ፈትቼ እግሯን አሳየሁት። ፊቱን አዙሮ «ያላ፣ ያላ» ብሎ አሳለፈን።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ አጸዳ፣ መርፌ ወጋት።

«ጋሼ፣ ክኒኑ መሆኑን ማን ደረሰበት?» አለኝ።

«እኔ ነኛ!»

«በትናንትናው ዕለት ድናለች ያለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ» አልኩ።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። የልጅቷ እግር ሳይቆረጥ ተረፈ። ከአራት ክፍል የማወፈሪያ ክኒን ሰበሰብኩ። ለወራት የወሰዱትን ግን ሐኪሙ በድንገት ማቆምም አደጋ አለው ስላለኝ፣ አንድ በአንድ ወደ እሱ ወሰድኳቸው። ሴሎቹ እንዴት መልእክት እንደሚቀበሉ ለሴቶቹ ሳህን ላይ በሽሮና በጨው እየሳልኩ አስረዳሁ፤ ለትልቋ ከላቦራቶሪው ተማሪዎች ሁሉ ፈጥኖ ገባት። ቁስሉ እስኪጠግግ ልጅቷን በየቀኑ አየኋት፤ ድናለች ያልኩትም ሐኪሙ ራሱ ድናለች ካለ በኋላ ብቻ ነው። ወደ አገሯ ለመመለስ ለፖሊስ እጇን ስትሰጥ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋት፤ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ወጣች። ከወሎ ደውላ እናቷ «ከስተሻል» ብላ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። በዚያ እግሯ ደጅ ድረስ ሮጣ ነው አሉ እናቷን ያቀፈቻት።