የባለገመዱ ሰባተኛ ቅርጫት

የእህቴን ባል እንደማልወደው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ሙያውን ሳመሰግን ለይሉኝታ ነው የሚለኝ አይኖርም። ሰውዬው የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ዲስክ የምትባል ሳህን የምታክል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ በዛፎች መሃል እየወረወሩ፣ ሰንሰለት በተንዠረገገበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማሳረፍ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። መጫወቱን ማንም ይችለዋል፤ ሜዳውን መንደፉ ነው ሰው የሚያሳብደው።

የመለኪያ ገመድ ከትከሻው ስለማይለይ ባለገመዱ ይሉታል። አንድ መናፈሻ ሲሰጡት ወር ሙሉ አንድ ቅርጫት እንኳ አይተክልም። ዝናብ ሲዘንብ ሄዶ ውሃው የት እንደሚተኛ ያያል። ፀሐይ ስትወጣና ስታዘቀዝቅ የወርዋሪውን ዓይን ከየት በኩል እንደምትወጋ ያያል። ቅርንጫፍ ላይ የጨርቅ ቁራጭ እያሰረ ነፋስ ይጠብቃል። በየመወርወሪያው ተቀምጦ በዚያ የሚያልፈውን ሰው፣ ውሻ፣ የሕፃን ጋሪ ሁሉ ይቆጥራል። ዛፍ አያስቆርጥም፤ "ዛፍ የሚያስቆርጥ ነዳፊ ማሰብ የሰለቸው ነው" ይላል። ደካማው ሳይሸማቀቅ እንዲጨርስ፣ ጉልበተኛውም ላብ እንዲያጠምቀው አድርጎ መንገዱን ያጣምመዋል። ኮከብ ቆጣሪ እንኳ እንደ እሱ አይጨነቅም። በሥራው አይታማም።

የሚታማው በሌላ ነው። መስመሩን የሚፈትነው በእህቴ ነበር። "ቁሚ" ሲላት ትቆማለች፣ "ወርውሪ" ሲላት ትወረውራለች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባችውንም ዲስክ እጇን እሾህ እየቦጫጨራት ታወጣለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርጋት አንድ ቀን "ደከመሽ?" ብሏት አያውቅም።

እህቴ ግራኝ ናት። ቀኝ እጅ የወረወራት ዲስክ ጉልበቷ ሲያልቅ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ግራ እጅ የወረወራት ወደ ቀኝ። ጀማሪም ያውቀዋል። ታዲያ ባለገመዱ ሲመኘው የኖረውን ትልቁን መናፈሻ ሲያገኝ ልቡ አበጠ። ሰባተኛውን ቅርጫት ኩሬው ዳር፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ አቆመው። በስተቀኙ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እህቴ ስትወረውር ዲስኳ ቀስ ብላ ታጠፈችና አግዳሚው ሥር ወደቀች።

"አየህ፣ ሰው መቀመጫ ጋ ሄደች። ቅርጫቱን ትንሽ አርቀው" አለችው።

"አንቺ እኮ ልኬን ነው የምታበላሺብኝ። እንደ ሰው በቀኝሽ መወርወር ካቃተሽ ሂጂና ተቀመጪ!"

ይህን ያላት ሦስት ሠራተኞች ቆመው እየሰሙ ነው። አንደኛው ሳቀ። እህቴ ዲስኳን ሳር ላይ አስቀምጣ ሄደች። እሱም አልጠራትም፤ የቀረውን በሙሉ በቀኝ እጆች ፈተነና "አለቀ" ብሎ ፈረመ።

በምረቃው ቀን አብሬያት ነበርኩ። ያንን አግዳሚ የእንግዶች መቀመጫ ብሎ ያስጌጠው ራሱ ነው፤ አስተናባሪዎቹም እዚያው አስቀመጡን። እኔ የእሷ ዲስክ እዚያ መውደቋን ሰምቼ ስለነበር ፈራሁ።

"እዚህ ነው እንዴ የምንቀመጠው?" አልኳት።

"ተቀመጪ ብሎኛል፤ ተቀመጥኩለት" አለችና ሳቀች። "ደግሞ ግራኝ ከየት ይመጣል? ያለሁት እኔ፣ እኔንም አባሮኛል።"

አምስተኛው ተጫዋች ከሌላ ከተማ የመጣ ረጅም ሰውዬ ነበር። ዲስኳን በግራ እጁ ሲይዝ አየሁ። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ቃል ሳይወጣኝ የዲስኳ ጠርዝ የእህቴን ዓይን አገኘው።

ዓይኗ አልተረፈም። በሦስተኛው ቀን ባለገመዱ ሆስፒታል መጣ፤ በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። የመናፈሻው ኃላፊዎች፣ ጥፋቱ የንድፍ ከሆነ ሜዳው ይዘጋል፤ የተጎጂዋ ከሆነ ይቀጥላል ብለውት ኖሯል።

"ማየት አልችልም፣ አንብብልኝ" አለችው፤ ደህናውንም ዓይኗን አብረው በፋሻ ሸፍነውባት ነበር።

ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ "ተጎጂዋ ከተከለለው ቦታ ውጪ ተቀምጠው በመገኘታቸው…"

"ተከልሎ ነበር?"

"እንዲህ ካልተባለ ይዘጉታል። ሕይወቴን ሙሉ የለፋሁበት ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ዓይኑ እንደሁ አንዴ ሄዷል፤ ሜዳው ለምን ይሂድ?"

ወረቀቱን ልነጥቀው ስነሳ እህቴ እጄን ያዘችኝ። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አመስግኗት ወጣ።

ሜዳው ቀጠለ፤ ስሙም ገነነ። ሰባተኛውን ቅርጫት በማግስቱ አራቀው። ከዚያ ወዲህ ግራኝ ሳያስወረውር አንድም ቅርጫት አይተክልም፤ በዚህ ረገድ ከእሱ የሚበልጥ ነዳፊ የለም። በዓመቱ ለጀማሪ ነዳፊዎች ትምህርት ስጥ ተባለ። እህቴ ካልሄድኩ አለች።

"ምን ልትሰሚ?" አልኳት።

"ሰው ፊት ይናገረው ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው ቢል ይበቃኛል፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ስለ ነፋስ፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ቁልቁለት ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። ከዚያ ወደ ግራኞች መጣ። እህቴ ክርኔን ጨብጣ ያዘች።

"አንድ የማውቀው ነዳፊ ነበር" አለ። "ግራኝ ሳያስፈትን ሜዳ ከፈተ። አንዲት ሴት ተጎዳች። እናንተ እንዲህ ዓይነት ስንፍና እንዳይለምድባችሁ።"

ሁሉም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። እህቴ እጇን አወጣች።

"ሴትየዋ ምን ሆነች?"

ድምጿን ሲሰማ ቀና አለ። አያት። ዓይኗን የምትሸፍንበትን ጥቁር ጨርቅ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው።

"ደህና ናት" አለ። "ቀላል ጉዳት ነበር።" ከዚያ ሌላ ጥያቄ ያለው እንዳለ ጠየቀ።

እህቴ ከአዳራሹ ቀጥታ እኔ ቤት መጣች። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በማግስቱ ልብሷን ላመጣ ስሄድ ባለገመዱ ጠረጴዛው ላይ የአዲስ መናፈሻ ካርታ ዘርግቶ አገኘሁት። ሻንጣውን ስሸከም ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ፤ "ለምን?" አላለኝም።