እምቢታን በቀኝ በኩል

ልጅ እያለሁ ፈረስ መጋለብ የተማርኩት ለንደን፣ ዊልስደን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሶፋ ነው። ሰሞኑን እናቴ "ይሄ አሮጌ ሶፋ ቤቴን አጣበበው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ካውንስል መጥቶ ይውሰድልኝ" ብላ ስትነሣ ነው ነገሩ ሁሉ ትዝ ያለኝ። የሶፋው አንደኛው መደገፊያ ጨርቁ ተልጦ ስፖንጁ ወጥቷል፤ ሌላው ግን እንደተገዛ አለ። የተላጠው የእኔ ፈረስ ነበር።

አባቴ ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ከአገር የወጣ ሰው ነው። እኔና እናቴ ቆይተን ተከተልነው። ተወልዶ ያደገው እንጅባራ አካባቢ፣ ሰርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ በማይደምቅበት አገር ሲሆን፣ ለንደን ላይ የደረሰው ግን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ መንዳት ነበር። ከሥራ ሲገባ ዩኒፎርሙን እንኳን ሳያወልቅ ጋቢውን አጥፎ መደገፊያው ላይ ያነጥፍና "ፈረስሽ ተጭኗል፣ ነይ" ይለኛል። አወጣጡ ሕግ ነበረው። በቀኝ በኩል እቆማለሁ፤ ቀኝ እግሬን እናቴ ከአሮጌ ቀበቶ በሰራችልኝ እርካብ ውስጥ አገባለሁ፤ ከዚያ ግራ እግሬን አሻግራለሁ። በግራ በኩል ከወጣሁ ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። አያቴ እንዲህ ነበር የሚወጡት አሉ፤ የድሮ ሰው ጎራዴውን በቀኙ ስለሚታጠቅ ከቀኝ ካልሆነ አይመቸውም። ጎራዴ ባይኖረኝም ሕጉን አከብር ነበር።

እውነተኛዋን ፈረስ ያመጣልን አውቶብሱ ነው። የአባቴ መስመር የሚያልቀው ከተማዋ በምታልቅበት፣ በሰሜን በኩል ሜዳ በሚጀምርበት ቦታ ሲሆን፣ እዚያው አጠገብ የፈረሶች ግቢ አለ። በእረፍቱ ሻዩን ይዞ አጥሩ ላይ ይደገፋል። ሚስስ ዶሪስ የምትባል አሮጊት አንዲት ባዝራ ነበረቻት፤ ሞርጋን የሚባለው የአሜሪካ ዘር። ዳማ ናት፤ ቁመቷ አጠር፣ ደረቷ ሰፋ፣ አንገቷ ቀና ያለ። አባቴ ገና ሲያያት የአገሩን ፈረስ መሰለችው፤ ትንሽ ሆና ሙሉ። እየቆዩ ወዳጅ ሆኑ። ሚስስ ዶሪስ አቅሟ ደክሞ አረጋውያን መኖሪያ ስትገባ ባዝራዋን ለአባቴ ሰጠችው። ሌላው ሁሉ የሚያወራው እሷን ስለ መጋለብ ነው፣ አንተ ግን ዝም ብለህ ታያታለህ አለችው።

እሷን መጋለብማ ወሬ ብቻ ነበር። አንድ ሰው እግሩን እርካብ ውስጥ ሲያገባ ወይ ትሽከረከራለች፣ ወይ ተነሥታ ትጥላለች። አባቴ እምቢታ ብሎ ስም ያወጣላት ለዚህ ነው። በየቅዳሜው ጎሕ ሳይቀድ ሦስታችን አውቶብስ ይዘን እንሄዳለን። የድርቆሹና የእርጥብ ቆዳው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው። እኔ ጋጣዋን እጠርጋለሁ፤ አባቴ ኮቴዋን እያነሣ ያጸዳል፤ ክረምት ከሆነ የውሃውን ባልዲ በረዶ እንሰብራለን። እናቴ መጀመሪያ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ነበር የምትቆመው። ኋላ ግን "አንቺ ጠማማ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ" እያለች ጋማዋን የምታበጥረው እሷ ሆነች፤ የአንገት ጌጥም ከቀይና ከአረንጓዴ ክር ሰራችላት። ትምህርት ቤት ፈረስ አለኝ ስል ግን የሚያምነኝ አልነበረም። "ኢን ዊልስደን?" ብለው ይስቁብኛል።

ከሳቂዎቹ ሁሉ የከፉት ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁሉም የሚፈራቸው፣ ባርኔጣና ከዘራ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አባቴን ያዙት።

"ለመሆኑ ትጋለባለች?"

"ጋሼ፣ ዘሯ እኮ ሞርጋን ነው" አለ አባቴ።

"በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ" ብለው አዳራሹን አሳቁበት። በድሮው ወግ ጀግና በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ አባ እንትና ይባላል። አንዱ ተነሥቶ አባቴን "አባ እምቢታ" ሲለው ጋሽ ወንድሙ ከዘራቸውን አነሡ። የማትጋለብ ባዝራ ለሰው ስም አታወጣም አሉ። አባቴ አብሮ ሳቀ፤ ያን ማታ ግን የሶፋ ፈረሴን አልጫነልኝም።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ የግቢው ኃላፊ ሱዛን ጠራችን። ክፉ ሴት አልነበረችም። ግቢው ውስጥ ልጆች ስላሉ ኢንሹራንሱ አስቸግሯት ነው። በእንግሊዝ በጋ መጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ፣ ግቢው ለእንግዳ ክፍት የሚሆንበት ቀን አለ፤ በዚያ ቀን እምቢታ ሰው ተቀምጦባት ሜዳውን በሰላም ከዞረች እዚሁ ትቆያለች፣ ካልሆነ ዌልስ ወዳለ እርሻ ትሄዳለች አለችን። ዌልስ ለእኔ የዓለም ዳርቻ ነበር። ጋጣ ውስጥ ገብቼ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ።

አባቴ የሰው አገር ሥርዓት ይከበር የሚል ሰው ነው። ሱዛን እንዳሳየችው፣ በእንግሊዞቹ ደንብ፣ በግራ በኩል ይሞክራል፤ እምቢታ ትጥለዋለች። ጭቃውን አራግፎ ይነሣና ይደግማል። እናቴ ወገቡን በቅባት እያሸች "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል፣ ያንተዋ ከባለቤቷ ትዋጋለች" ትለው ነበር። ከሐምሌ ቅዳሜዎች በአንዱ ሱዛን ምናልባት ክብደት ይሆናል የጠላችው፣ ቀለል ያለ ሰው ይሞክር አለች። ቀለል ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ "ልጄንማ አይሆንም" ብላ ተቆጣች። አባቴ ብዙ አሰበና ልጓሙን ራሱ ያዘ፤ ሱዛንም የራስ ቁሬን አጠበቀችልኝ።

ወደ እሷ ሄድኩ። እግሬ ግን የሚያውቀው ሶፋውን ብቻ ነው፤ ሳላስበው በቀኝ በኩል ዞርኩ። ሱዛን "ሮንግ ሳይድ!" ስትል ቀኝ እግሬ እርካቡ ውስጥ ገብቷል። እምቢታ አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች፤ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ቆመች። ተሻግሬ ተቀመጥኩ። አባቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እርካቡን አየና ሳቅ ጀመረው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "የአባቴን ትቼ የሰው ስይዝ ነዋ የጣለችኝ" አለ። ኋላ ሚስስ ዶሪስን ስንጠይቃት፣ እምቢታ ገና ውርንጭላ ሳለች ግራ ጎኗን የብረት በር መትቷት እንደነበር ነገረችን። በቀኝ መውጣት የሚባል ነገር ግን እሷም ሰምታ አታውቅም።

ክፍት በሆነው ቀን ግማሹ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከለንደን ደቡብ፣ ከባተርሲ ሳይቀር አውቶብስ ቀያይረው፣ ምግብ ተሸክመው መጡ። አባቴ አጥሩ ጋ አሰልፎ አስጠነቀቃቸው፤ እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ትደነግጣለች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጋሽ ወንድሙ ከፊት፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

በቀኝ በኩል ስቆም ከእንግሊዞቹ መካከል ሹክሹክታ ተነሣ። እግሬን ሳነሣ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ድንገት ጮኸ። እምቢታ ተንቀጠቀጠች፤ ወደ ኋላ ሸሸች። ሱዛን አንድ እርምጃ ቀረበች፤ አበቃ ብዬ ነበር። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አባቴ ለእኔ እንደሚለው "አይዞሽ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። መንቀጥቀጧ ቀስ ብሎ ቆመ። ወጣሁ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ሄድን፤ የእናቴ ክር ደረቷ ላይ ይወዛወዛል። የመጨረሻው ጥግ ላይ ልጓሙን ለቀቅ ሳደርግላት በግልቢያ ተነሣች፤ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሆኜ አላውቅም። ያኔ እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ተፋችው። እልልታዋ ሜዳውን ሞላው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። አባቴ ራሱን ያዘ። እምቢታ ግን አንገቷን ይበልጥ ቀና አድርጋ፣ ለእሷ እንደተባለ አውቃ፣ ዞረችልኝ።

ስወርድ ሱዛን እንባዋን እየጠረገች "ሺ ስቴይስ" አለች፤ እዚሁ ትቆያለች። ጋሽ ወንድሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አባቴ መጡ።

"አባ እምቢታ" አሉት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬም ተሳሳቱ። የጋለበቻት እሷ ናት" አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

ጋሽ ወንድሙ ትንሽ አሰቡ። "ሴት ልጅ አባ ተብላ አታውቅም" አሉ። "እንግዲህ ባዝራም ስም አውጥታ አታውቅም" ብለው ባርኔጣቸውን እኔ ራስ ላይ ደፉት። "አባ እምቢታ!"

ዛሬ ሥራ ቦታ የምጠራበት ስም ሌላ ነው። ጋሽ ወንድሙ ከሚኖሩበት ከአርችዌይ ሲደውሉልኝ ግን አሁንም "አባ እምቢታ፣ እንዴት አደርሽ" ይሉኛል። ያኔ ቅዳሜ እስኪደርስ ቀኑ አልገፋ ይለኝ ነበር፤ አሁን ቅዳሜዎቹ በየት እንደሚያልፉ አላውቅም። እምቢታ አርጅታለች፤ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ወጥቷል። ባለፈው ሄጄ ድርቆሽ ሳቀርብላት ሳላስተውል በግራዋ ቆሜ ነበር። ፈቀቅ እንኳን አላለችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ፤ እምቢታ እምቢ ማለት ከተወች ምን ቀራት አልኩ። ከዚያ በአፍንጫዋ በኩል ዞሬ፣ እንደ ክብሯ፣ በቀኝ ቆምኩ። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች፤ በረጅሙም ተነፈሰች።

ለካውንስሉ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ሶፋው የትም አይሄድም ብያቸዋለሁ።