የስማራንዳ ፕሮግራምና የቶአደር ገመድ

ስማራንዳ ያሺ ከተማ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ፕሮግራም ስትጽፍ ኖራለች። በዚያ ሁሉ ዘመን «ተሳስቻለሁ» ስትል የሰማት የለም። «በኔ ኮምፒውተር ይሠራል» ካለች ክርክሩ አለቀ። ፋብሪካው ተዘግቶ ጡረታ ስትወጣም ይህቺን አነጋገር ይዛት ቤቷ ገባች።

ያኔ ኢንተርኔት ገና ብርቅ ነበርና የሰፈሩ ሰው ኮምፒውተሮቹን ራሱ ያገናኝ ነበር። ጎረቤቷ ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን ቶአደር ከጣሪያ ጣሪያ፣ ከበረንዳ በረንዳ ገመድ ዘርግቶ ሦስት ሕንፃዎችን አስተሳሰረ። ስማራንዳ ደግሞ «አግዳሚው» የተባለ የወሬ መለዋወጫ ጻፈች። ፕሮግራሙ ወጥ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ይሠራል፤ ሰፈርተኛው ከየቤቱ ይገባና እንቁላል ይበዳደራል፣ ሰው ያማል።

የሕንፃዎቹ አስተዳዳሪ ቫሲላኬ ግን ገመዱን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። «ግድግዳዬን የሸረሪት ድር አስመሰላችሁት! አንዴ ብቻ ይበላሽ፣ ቆራርጬ ነው የምጥለው» ብሎ ዝቷል።

ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አግዳሚው አልከፈት አለ።

ሁሉም ገመዱን ጠረጠረ፤ አይፈረድበትም። በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፍ አውጥተው ይደበድባሉ፣ አጥበውም ያገኙት ገመድ ላይ ያሰጣሉ። የዚያን ዕለት የቶአደር ገመድ አራት ምንጣፍና አንድ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ነበር።

«በኔ ኮምፒውተር ይሠራል! አንተ ገመድህን እይ!» ስትል ስማራንዳ ከበረንዳዋ ጮኸች።

ቶአደር በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ በዚያ ነፋስ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቫሲላኬም ፒንሳውን ይዞ መሰላል ሊያመጣ ሄደ።

ስማራንዳ እስቲ ልየው ብላ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቷ አግላያ ቤት ገባች። ስክሪኑ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ይላል። ገመድ ሲበጠስማ መልስ የሚባል የለም፤ ኮምፒውተሩ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው «ጊዜው አልፏል» ይላል።

«ምነው እትዬ፣ ፊትዎ ተለዋወጠ?» አለች አግላያ።

«በር አንኳኩተሽ ‹እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም› ከተባልሽ፣ መንገዱ ደህና ነው ማለት አይደል?»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

ስማራንዳ ደረጃውን ወረደች።

ወጥ ቤቷ ገብታ ስህተቱን አገኘችው። አርብ ዕለት አዲሱን ፕሮግራም ስትሞክር ከዚያው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣ ጥሪ ብቻ እንዲቀበል አዛው ነበር፤ ትእዛዙን ማንሳት ረስታለች። ራሱን ብቻ የሚሰማ ፕሮግራም! በሷ ኮምፒውተር መሥራቱ ምን ይገርማል?

አስተካክላ ዝም ብትል ሰው «ገመዱ ተጠገነ» ብሎ ያልፍ ነበር። ግን በመስኮት ስታይ ቫሲላኬ መሰላሉን እየወጣ ነው። ቶሎ ብላ መስመሩን አርማ ፕሮግራሙን ስታስነሳ «አድራሻው ተይዟል» አላት። አድራሻውም እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ አሮጌው ተከራይ ዕቃውን ሳያወጣ አዲሱ አይገባም፤ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ፒንሳ በአንድ ደቂቃ ስንቱን ይቆርጣል!

በረንዳ ላይ ወጣች። «ቫሲላኬ! እጅህን ሰብስብ! ገመዱ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ የኔ ነው!»

ምንጣፍ የሚደበድቡት ሴቶች ሳይቀሩ ዱላቸውን አወረዱ።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ ቫሲላኬ ከመሰላሉ ላይ።

«ተሳስቻለሁ አልኩህ! ደግመህ ብታስብለኝ ፒንሳህን እቀማሃለሁ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቫሲላኬ የዛተው ገመዱ ቢበላሽ ነበርና እያጉረመረመ ከመሰላሉ ወረደ።

ቶአደር አቧራውን እያራገፈ ወጥ ቤቷ ሲገባ አግዳሚው ተከፍቶ ሰፈርተኛው መንጫጫት ጀምሯል።

«ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ጣሪያ አስወጥተሽኛል» አላት። «ከሦስቱ የገመዱ ጥፋት ስንቱ ነበር?»

ስማራንዳ ፊቷ ቀላ። «አንዱም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? ወርደህ ‹ጠገንኩት› ስትል አልነበር እንዴ?»

«ገመድ ቢሰደብ አይከፋውም» አለ ቶአደር ወንበር እየሳበ። «አንቺ ግን ፋብሪካው የተዘጋ ሰሞን እንዴት ሆነሽ እንደነበር አይቻለሁ።»

ስማራንዳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ አግዳሚው ላይ «ያለፉት ሦስቱም ጥፋቶች የኔ ነበሩ» ብላ ለሰፈርተኛው ጻፈች።