ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገባለሁ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማ ሲጀመር ነው። እስካሁን ድረስ የሞተር ድምፅ ስሰማ እጄ ላይ ያለውን እጥላለሁ።

ቦንጋ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤትና አራት አልጋ አለኝ። የዚያን ቀን ምሳ ሳቀርብ፣ ከጥግ ጠረጴዛ የልጄን የማርታን ድምፅ ሰማሁ። ማርታ ደግሞ በጠዋት የቡናውን ጫካ ልታስጎበኝ እንግዶች ይዛ ማንኪራ ሄዳለች። ዞር ብዬ ሳይ ድምፁ ስልክ ላይ ከተከፈተ ቪዲዮ ነው። ስልኩን የያዘው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያልነው ሰው ነው።

«እንግዶቼ ዛሬ ማንኪራ ያድራሉ። እኔ በጫካው መንገድ ተመልሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። እራቱን የምሠራው ራሴ ነኝ» ትላለች። ሰውየው መልሶ ከፈተው። ከዚያ አብሮት ለተቀመጠው ጓደኛው፣ «ስትመለስ ብቻዋን ናት ማለት ነው» አለው። ምግቡን ሳይጨርሱ ወጡ።

እንዲህ በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሰው መቼ እንደሚርበው ግን አውቃለሁ። ማርታ ስለ ቤታችን የምትሠራውን ቪዲዮ ከመሸ ስትለቀው የሚመጣ ሰው አልነበረም። የቢሮ ሰው ምሳ ሊወጣ ሲል ስልኩን ያያል፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ልቀቂው፣ ስንት ሰዓት እንደምትገቢም ንገሪያቸው፣ የአንቺን እጅ ነው የሚወዱት አልኳት። ጠዋት የሚለቀቅበትን ሰዓት ስልኳ ላይ ሞልታ ትሄዳለች፣ ቪዲዮው በሰዓቱ ራሱ ይለቀቃል። እውነትም ወንበር እስኪጠፋ ሰው መጣልን።

ደወልኩ። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ድስቱን እሳት ላይ ትቼ ወደ ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሮጥኩ። ብዙ ሳይጠይቁኝ ሱቃቸውን ዘግተው ሞተራቸውን አስነሱ፤ ከኋላቸው ተፈናጠጥኩ።

ሰዎቹ የጫካው መንገድ ከሚጠብበት ቦታ ሞተራቸውን ጥላ ውስጥ አቁመው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሸምሱ ቆም ብለው ማንን እንደሚጠብቁ ጠየቋቸው። ያ ሰው እኔን አይቶ ሳቀ።

«እትዬ ወይንሸት፣ ዛሬ እራት የለም እንዴ?»

ጥቂት እንዳለፍን ማርታን አገኘናት፤ ማር በጀሪካን ይዛ እያንጎራጎረች ትመጣለች። መሃላችን አስቀምጠናት በዚያው መንገድ ተመለስን። ሰውየው ስናልፍ እጁን አውለበለበልን።

ቤት ስንገባ ድስቱ አሮ ጠቁሯል።

የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ከሰስኩት። መንገድ ዳር ተቀመጠ እንጂ ምን አደረገ አሉኝ። አንደኛውማ፣ «የምትመጣበትን ሰዓት ለአገር የነገርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

አሁን ቪዲዮውን የምንለቀው ማርታ ከገባች፣ እራትም ከተበላ በኋላ ነው። ሰው ያየዋል፣ ያመሰግናል፣ አይመጣም። ሁለቱን አልጋ ዘግቻለሁ። ያ ሰው ግን እንደ ልቡ በደጄ ያልፋል።

ይህን ስጽፍ ማርታ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ዛሬም ገብታለች። ደህና ነን።