ጎመን መሐል የቆመው ድንክ ሽማግሌ

እንጅባራ ውስጥ ግቢዋን በሲሚንቶ ድንኮች ያስጌጠች ሴት ካለች እኔ ነኝ። ስልክ ላይ አየኋቸውና ልቤ ሸፈተ። የመቃብር ሐውልት የሚሠራ ሰውዬ ለምኜ አራት አሠራሁ። ሾጣጣ ቀይ ቆብ፣ እስከ እምብርት የወረደ ጢም፣ ከዚያ በታች ቦርጭ። አንዱን ጎመኑ መሐል፣ ሦስቱን ከቀርከሃው አጥር ሥር ተከልኳቸው።

ሰፈሩ ጉድ አለ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ወንድ ካማረሽ አትነግሪንም? በሲሚንቶ ታሠሪ ጀመር?» አለችኝ።

«ከፈታሁት ባሌ በምን ያንሳሉ? እነዚህ እንኳ ሰክረው አይመጡም።»

የንስሐ አባቴም ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ትክ ብለው አዩአቸውና፣ ለማንኛውም ብለው ነው መሰል፣ እነሱንም ረጭተዋቸው ሄዱ።

እኔን ያስጨነቀችኝ እናቴ ናት። ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች፤ ጉልበቷ ከድቷታል። ከእኔና ከልጆቼ ጋር እንድትኖር ስንቴ ለምኜ አመጣኋት! በሦስተኛው ቀን «ዶሮዎቼስ?» ትልና ጓዟን ትሸክፋለች። አሁን ደግሞ «ጣዖት ነው» ብላ ከበር ብትመለስስ? ልጥላቸው አሰብኩ፤ አላስቻለኝም።

መጣች። ከባጃጁ ወርዳ ገና ስታያቸው አማተበች።

«እኒህ ደሞ የማን ጉዶች ናቸው?»

«ጌጥ ናቸው፣ እማ።»

«ጎመን መሐል ሥራ ፈቶ የቆመ ወንድ ጌጥ ሆነ? ወይ ዘመን!» ብላ ገባች።

ሦስተኛው ቀን አለፈ። ሳምንት ሞላ። ስለ ዶሮዎቿ ትንፍሽ አላለችም። የኔ ወጥ ነው ያቆያት እያልኩ ለጎረቤቴ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ጠዋት ጎመን ልቀነጥስ ብወጣ፣ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከድንኩ ጋር በአገውኛ ወሬ ይዛለች። ስለ ዝናቡ ትነግረዋለች፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሟቹ አባቴ። ትሰድበዋለች፤ መልሳ ከት ብላ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ!

«እማ፣ አበድሽ እንዴ? ሲሚንቶ እኮ ነው! ምን ሊመልስልሽ?»

«ምንም» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ያንቺ ልጆች ግን በአገውኛ ባወራኋቸው ቁጥር በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ። ከዚያ ዝምታው ይሻላል።»

አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እጇን ያዝኩና ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሱንም በአማርኛ።